መጽሐፋቸውን ያልከፈተ የሕይወት ታሪክ

አብርሃ ጅራ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ያለች የምዕራብ አርማጭሆ ከተማ ናት። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው በሚወርደው፣ ሳሉግ በሚባለው የወቅት ሠራተኛ ትጥለቀለቃለች፤ አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ ጭር ትላለች። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በዚህች ከተማ በሁለት መምህራን መካከል የተደረገ ነው። አንደኛዋ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሌላው ኮምፒውተር የሚያስተምር ወጣት ነው። የሴት ተማሪዎች ክበብ አባላት ስለ ደራሲዋ ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል፤ በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ሊጭኑት ይፈልጋሉ። ወጣቱ መምህር ከመጫኑ በፊት ይገምግሙልን ብሎ ለመምህርቷ ሰጥቷቸዋል።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ አነበቡት?

መምህርቷ፦ አነበብኩት። ልጆቹ ደክመዋል፤ ይታያል። ነገር ግን ገና ከመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ስንዱ ገብሩ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅና በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ናት» ይላል። ደራሲነታቸው የታለ?

ወጣቱ፦ ወረድ ብሎ አለ። «በ1942 ዓ.ም. የልቤ መጽሐፍ የተባለ መጽሐፍ አሳትማለች» የሚል።

መምህርቷ፦ እሱን አይቼዋለሁ። አንድ መስመር ነው። ስለ አባትየው አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ፣ ስለ ባል አለ፣ ስለ ፓርላማ አለ። ደራሲ ናቸው ተብሎ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ መጽሐፉ አንድ መስመር! ምን ጻፉ? ግጥም ነው? ተውኔት ነው? ስለ ምን? ለማን? ይህን ጽሑፍ አንብባ የጨረሰች ልጅ ስለ መጽሐፉ የምታውቀው ርዕሱንና ዓመቱን ብቻ ነው።

ወጣቱ፦ ልጆቹ ያገኙት መረጃ እንደዚያው ስለሆነ ነው። በኢንተርኔት ላይ ስለ እሳቸው የተጻፈው ሁሉ «የመጀመሪያዋ ሴት» ብሎ ነው የሚጀምረው።

መምህርቷ፦ እኮ! ለዚያ ነው ልጆቹ መጻፍ ያለባቸው። ያለውን ለመድገም ከሆነ ምን አደከማቸው? ደግሞ ሌላም ያስቆጣኝ ነገር አለ። አባትየው «ተማሩ፣ ተሾሙ፣ ልጆቻቸውን አውሮፓ ላኩ» ተብለዋል። ልጅየዋ ግን «ተማረች፣ ታሰረች፣ ተመረጠች»። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ሆነው ነው እኮ ያረፉት። በአንድ ገጽ ላይ አባት አንቱ፣ ልጅ አንቺ!

ወጣቱ፦ ይህንን ልብ አላልኩትም። ግን እትዬ፣ ኢንሳይክሎፔዲያ ማዕረግና አክብሮት አያበዛም። ሁሉን በአንድ ዓይን ማየት አለበት። «አለች» ማለት ንቀት አይደለም።

መምህርቷ፦ ካልሆነ አባትየውም «ተማረ፣ ተሾመ» ይባሉ። መለኪያው አንድ ይሁን ነው የምልህ። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችንን ገልጠህ እይ። ስለ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ስለ ከበደ ሚካኤል ሲጻፍ «ደረሱ፣ አሳተሙ» ነው። ሴቷ ጋ ሲደረስ ነው «አሳተመች» የሚመጣው። ማንም አስቦበት አይደለም የሚያደርገው፤ እጅ ለምዶት ነው። ጥሩ አዘጋጅ የሚባለው እጁ የለመደውን የሚያስተውል ነው። እኔ ሁለቱንም አንቱ ብትሏቸው እመርጣለሁ።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ይታረማል። ግን አንድ ነገር ላስረዳዎት። ውክፔዲያ የራሱ መመዘኛ አለው። የተጻፈው ሁሉ ምንጭ ሊጠቀስለት ይገባል። ጽሑፉ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል የለበትም። ሦስተኛው፣ ጸሐፊው ራሱ የደረሰበትን አዲስ ግኝት ማስገባት አይችልም፤ ሌላ ቦታ የታተመውን ነው የሚያቀርበው። በእንግሊዝኛው ደግሞ ጽሑፎቹ ደረጃ ይሰጣቸዋል። ከታች ጅምር የሚባለው አለ፤ ከፍ እያለ ሄዶ «ጥሩ ጽሑፍ»፣ ከዚያም «የተመረጠ ጽሑፍ» ይደርሳል። በዚህ ሚዛን የልጆቹ ጽሑፍ መጥፎ አይደለም። ርዕሶቹ ተከፋፍለዋል፣ ምንጭ አለው፣ ፊደሉ ተስተካክሏል።

መምህርቷ፦ ሚዛኑን አልጠላሁትም። ግን ሰሊጥ ገዢ ከጆንያው አፍ ላይ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ ከመሐሉና ከሥሩም ዝቆ ነው የሚያየው። ርዕስና ፊደል የጆንያው አፍ ነው። እስቲ ወደ ውስጡ እንግባ። ምንጭ አለው አልከኝ። ስንት?

ወጣቱ፦ ሦስት ድረ ገጾች።

መምህርቷ፦ ሦስቱንም በስልክህ አሳይተኸኝ አይደል? ሦስቱም «በ1949 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ» ይላሉ። በሦስቱም አረፍተ ነገሩ አንድ ነው፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል እንኳ አልተለወጠም። አንዱ ጽፎ ሁለቱ ቀድተውታል ማለት ነው። ሦስት ምንጭ ሳይሆን አንድ ምንጭ ነው ያላችሁ። እሱም የተሳሳተ።

ወጣቱ፦ እንዴት ተሳሳተ? ምርጫው እኮ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ስምንት ሲቀነስ 1949።

መምህርቷ፦ ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ምርጫው የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 12 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 1957 ነው። የእኛ እንቁጣጣሽ አልፏል፤ መስከረም 1950 ገብቷል። ከመስከረም በኋላ የሚቀነሰው ሰባት ነው፣ ስምንት አይደለም። ይህን የሰፈር ልጅ ያውቀዋል፤ ግን ከፈረንጅኛ ሲገለበጥ ማንም ቆም ብሎ ወሩን አያይም። አሁን በሦስት ቦታ 1949 ተብሎ ተጽፏል። የእናንተ ሲጨመር አራት ይሆናል። ነገ ደግሞ አንዱ ጋዜጠኛ ከእናንተ ይቀዳና አምስተኛው «ምንጭ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማን ያርመዋል?

ወጣቱ፦ ይህ በእንግሊዝኛውም የታወቀ በሽታ ነው። ውክፔዲያ ላይ ስህተት ይጻፋል፣ ጋዜጣ ከዚያ ይቀዳዋል፣ ከዚያ ያው ጋዜጣ ለውክፔዲያው ምንጭ ተደርጎ ይጠቀሳል።

መምህርቷ፦ ስህተቱ ራሱ የራሱ ምስክር ይሆናል ማለት ነዋ። ምክር ቤቱንም ተመልከት። «የተወካዮች ምክር ቤት አባል» ይላል ጽሑፉ። ያ የዛሬው ስም ነው። በጃንሆይ ዘመን ሁለት ምክር ቤት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት የሕግ መወሰኛ፣ ሕዝብ የሚመርጠው የሕግ መምሪያ። ወይዘሮ ስንዱ የተመረጡት ለሕግ መምሪያው ነው። በኋላ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዝዳንትም ሆነዋል፤ ይህ በልጆቹ ጽሑፍ ውስጥ ከነጭራሹ የለም። «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ሁሉን ስለሸፈነው፣ ከገቡ በኋላ ምን ሠሩ ብሎ የጠየቀ የለም።

ወጣቱ፦ እዚህ ላይ ልሟገት፣ እትዬ። «የመጀመሪያዋ» ማለት ምን ክፋት አለው? ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በመጀመሪያው ምርጫ ተወዳድሮ ማሸነፍ ትልቅ ነገር ነው። ክበቡ ውስጥ ያሉት ልጆች የተነኩት በዚህ ነው። አንዷማ ስታነብ እንባዋ መጣ።

መምህርቷ፦ ትልቅ ነገር ነው፣ ማን ትንሽ አለው? ይጻፍ። ግን በር የከፈተ ሰው ከበሩ በኋላ የሠራው ካልተነገረ ታሪኩ በሩ ላይ ይቀራል። ወይዘሮ ስንዱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ለሴቶች የተከፈተ ነው። ከነፃነት በኋላ የአንድ ትውልድ ሴቶች በእሳቸው እጅ አለፉ። ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ ያሠሩ ነበር። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በነበረበት ዘመን ሴት ተማሪዎችን መድረክ ላይ ያወጣ ተውኔት! አንዲት የሴቶችን እኩልነት ያሰበች ደራሲ ሥራዋ ይህ አይደለም እንዴ? ልጆቹ ይህን «በመምህርነትም አገልግላለች» ብለው አልፈውታል።

ወጣቱ፦ ይህ ከተብራራ «ፌሚኒስት» ብለው መጻፍ ይችላሉ? ክበቡ ውስጥ ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ግማሾቹ ይግባ ይላሉ።

መምህርቷ፦ እሳቸው ራሳቸውን እንዲያ ብለው ጠርተዋል?

ወጣቱ፦ በያዝናቸው ምንጮች ውስጥ የለም።

መምህርቷ፦ እንግዲያው በራሳችሁ አፍ አትበሉ። አንድ ተመራማሪ እንዲያ ብሎ ከጻፈ «እገሌ የሴቶች እኩልነት ተሟጋች ይላቸዋል» በሉና ገጹን ጥቀሱ። ካልሆነ ሥራውን ዘርዝሩት። ሴቶችን አስተማሩ፣ ለሴቶች ጻፉ፣ ሴቶች ባልነበሩበት ምክር ቤት ተቀመጡ። አንባቢ ስሙን ራሱ ይሰጠዋል። ስም መለጠፍ ቀላል ነው፤ ያቺ እንባዋ የመጣው ልጅ ግን ከስሙ ይልቅ ሥራው ነው የሚጠቅማት።

ወጣቱ፦ ስለ አባትየውስ? ይውጣ ነው የሚሉኝ? በፈረንጅ አገር ስለ ሴቶች ለሚጻፍ ጽሑፍ አንድ ፈተና አውጥተዋል። ባሏ ምን ይሠራል፣ ልጆቿን እንዴት አሳደገች፣ «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚሉት ካልገቡ ጽሑፉ አለፈ ይባላል። ፊንክባይነር ይሉታል፤ በአንዲት የሳይንስ ጸሐፊ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ትልቅ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ኢቮን ብሪል ለምትባል የሮኬት ሳይንቲስት ዜና ዕረፍት ሲጽፍ በምትሠራው ወጥ ጥሩነት ነበር የጀመረው። ሰው ሲቆጣ መግቢያውን ለወጡት።

መምህርቷ፦ ጉድ እኮ ነው! የሮኬት ሰው በወጥ! ግን ፈተናውን እንዳለ ወደዚህ አታምጣው። እኛ ጋ አባት ስም ውስጥ አለ። «ስንዱ ገብሩ» ስትል አባትየውን ጠርተሃል። ደግሞም እኚህ አባት ተራ አባት አልነበሩም። የጎንደር አገር ሰው፣ ከልጅነታቸው ከሚሲዮኖች ጋር ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከኅሩይ ጋር በልዑክነት አሜሪካ የሄዱ። ሴት ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ድረስ ልከው አስተምረዋል። በዚያ ዘመን ሴት ልጁን ባሕር ማዶ ልኮ የሚያስተምር ስንት አባት ነበር? ይህ ካልተጻፈ ልጅየዋ ከየት እንደተገኙ አይታወቅም። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ጽሑፉ ውስጥ የገባው ምክንያት ስለሆነ ነው ወይስ ጌጥ ስለሆነ? «ልጃቸውን አስተማሩ» ምክንያት ነው። «የትልቅ ሰው ልጅ ናት» ጌጥ ነው። ልጆቹ ሁለተኛውን ነው የጻፉት።

ወጣቱ፦ ባልም እንደዚያው?

መምህርቷ፦ ባልም እንደዚያው። እዚህ ከድንበሩ ማዶ ያለችውን ተመልከት። ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂምን ታውቃታለህ?

ወጣቱ፦ የሱዳኗን? በስም።

መምህርቷ፦ አዎ፣ የሱዳኗን። እ.ኤ.አ. በ1952 የሱዳን ሴቶች ኅብረት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። «ሰውት አል መርአ» የሚባለውን የሴቶች መጽሔት ታዘጋጅ ነበር። የሱዳን ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት ከአገራቸው የጥቅምት አብዮት በኋላ ነው፤ እሷም በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በአገሯ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በእኛ አቆጣጠር ያ 1957 ነው! የወይዘሮ ስንዱ ምርጫ ደግሞ በፈረንጆቹ 1957። ዘመን የማይለይ ሰው ሁለቱን አንድ ዓመት ላይ ያገናኛቸዋል፤ በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት ያህል አለ። ወደ ነገሬ ልመለስ። የፋጢማን ባል፣ ሻፊዕ አሕመድ አልሼኽን፣ የሱዳኑ መሪ ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ሰቀለው። እሷም ከቤቷ እንዳትወጣ ተደረገች። የእሷን ሕይወት ስትጽፍ ባሏን ብትተው ጽሑፉ ውሸት ይሆናል። በፈተናችሁ ግን ወድቃ ነበር።

ወጣቱ፦ ይህን የሱዳን ጉዳይ ልጆቹ ቢያውቁት! ከሱዳን ድንበር አጠገብ የሚያድጉ ልጆች ናቸው። አረብኛ የሚሰሙም አሉ።

መምህርቷ፦ ቀጥሎ እሷን ይጻፉ። ማን ከእነሱ ይቀርባታል?

ወጣቱ፦ አሁን ወደ ምንጭ እንመለስ። ሦስቱ ድረ ገጾች አንድ ከሆኑ ምን ልንጠቅስ ነው? መጽሐፉ እዚህ የለም፤ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ያውቁታል። መንገዱንም ያውቁታል። ኔት ሲጠፋ ሳምንታት ይጠፋል። ለአዲስ አበባ ልጅ የሚጠየቀውን ለአብርሃ ጅራ ልጅ መጠየቅ ፍትሕ ነው?

መምህርቷ፦ ፍትሕ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ይህን ጽሑፍ ከጫናችሁት በኋላ ማን ያነበዋል? የአዲስ አበባው አንባቢ ከተጠራጠረ ተነስቶ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር ይሄዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፣ ያመሳክራል። የእኛ ልጅ ግን ሌላ መጽሐፍ የላትም። አንተ ራስህ በዚያ ኪዊክስ በምትለው መተግበሪያ ውክፔዲያን ያለ ኔት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ጭነህ የለ?

ወጣቱ፦ አዎ፣ ሙሉውን አውርዶ ያለ ኔት ማንበብ ይቻላል። የአማርኛው 15 ሺህ ያህል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቦታም አይይዝም። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው።

መምህርቷ፦ 15 ሺህ! እንግዲያው እያንዳንዷ ገጽ ክብደት አላት። በእንግሊዝኛው አንድ መጥፎ ገጽ በስድስት ሚሊዮን መካከል ይጠፋል። በአማርኛው ስለ አንዲት ሴት ደራሲ የተጻፈ አንድ ገጽ ለዚህች ልጅ ቤተ መጻሕፍቷ እሱ ነው። ስለዚህ እሷ ናት ከሁሉ በላይ እውነቱ የሚገባት።

ወጣቱ፦ ሴቶች በእንግሊዝኛውም ቢሆን ጥቂት ናቸው። ከሕይወት ታሪኮቹ ስለ ሴት የተጻፈው ከአምስት አንድ ያህል ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከዚያም ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 «ሴቶች በቀይ» የሚባል ዘመቻ የጀመሩት ለዚህ ነው፤ ገጽ የሌለው ስም በቀይ ስለሚታይ። ዶና ስትሪክላንድ የሚሏት ካናዳዊት የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ስትሸለም ገጽ አልነበራትም። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰው ጽፎላት በምንጭ ጉድለት ተመልሶ ነበር።

መምህርቷ፦ አየህ፣ የምንጭ ደንቡ እንዲህም ያስወጣል። ስለ ወንዱ ስለተጻፈ ወንዱ ይገባል፤ ስለ ሴቷ ስላልተጻፈ ሴቷ ትቀራለች። ደንቡ ልክ ነው፤ ግን ከደንቡ በፊት ያለው ዝምታ ነው ያስቀራት።

ወጣቱ፦ ከገቡ በኋላም ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴት ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን «የአሜሪካ ልብ ወለድ ደራሲዎች» ከሚለው ዝርዝር እያወጡ «የአሜሪካ ሴት ልብ ወለድ ደራሲዎች» ወደሚል ሌላ ዝርዝር ማዛወር ጀምረው ነበር። በዋናው ዝርዝር ወንዶቹ ብቻ ሊቀሩ! አንዲት ደራሲ በጋዜጣ ጽፋ አጋለጠችው።

መምህርቷ፦ የእኛዎቹም ጽሑፉን ከሥር «ታዋቂ ሴቶች» በሚል ምድብ ነው ያስገቡት። እሱ ይኑር፤ ግን «የኢትዮጵያ ደራስያን» በሚለውም ይግቡ። ከእነ ከበደ ሚካኤል ጋር ይቀመጡ።

ወጣቱ፦ እሺ። ምንጩስ?

መምህርቷ፦ ሬይዱልፍ ሞልቬር የሚባል ኖርዌያዊ የኢትዮጵያን ደራስያን ሕይወት አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1997 «ብላክ ላየንስ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ አውጥቷል። ወይዘሮ ስንዱ አሉበት። ሃምቡርግ የተዘጋጀው ባለ አምስት ጥራዝ ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካም አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች አሉን፤ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩ። የፓርላማውን ዘመን ደግሞ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አለ፤ ከ1933 ጀምሮ የሚወጣ ነው። የምርጫውን ሰሞን ጋዜጣ አንድ ሰው ወመዘክር ገብቶ ቢያይ ቀኑም ይታረማል፣ ምን እንዳሉም ይገኛል። ከሁሉም በላይ መጽሐፉ። የልቤ መጽሐፍ ሳይነበብ ስለ ደራሲዋ መጻፍ የለበትም።

ወጣቱ፦ አንድ ነገር ግን ያስቸግረኛል። መጽሐፉን ልጆቹ ቢያነቡትና ስለ ትርጉሙ ቢጽፉ የራሳቸው ግኝት ነው ተብሎ ይሰረዛል። ደንቡ አይፈቅድም።

መምህርቷ፦ መጽሐፉ በውስጡ ምን እንደያዘ መናገር ግኝት ነው? ስንት ተውኔት፣ ስንት ግጥም፣ ስለ ምን፣ ተዋንያኑ እነማን፤ ይህ እኮ ገልጦ የሚያየው ሁሉ የሚያረጋግጠው ነው።

ወጣቱ፦ እሱ ይፈቀዳል። «ይህ ማለት ይህ ነው» የሚለው ነው የማይፈቀደው።

መምህርቷ፦ ይበቃናል። ትርጉሙን አንባቢ ያድርገው። እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ወይዘሮ ስንዱ በምክር ቤቱ ሳሉ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘው ይል ነበር። ያ አንቀጽ የተሻረው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የእኛ የአማራ ክልልም የራሱን በ1995 አወጣ። አንዲት ሴት በዚያ ምክር ቤት ተቀምጣ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ማየቷ ለአንባቢ አይጠቅምም? ይግባ?

ወጣቱ፦ ይህ ነው አስቸጋሪው። እሳቸው ስለ አንቀጹ ምን እንዳሉ በእጃችን የለም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጥን አንባቢ «ተቃወሙ» ወይም «ዝም አሉ» ብሎ ይደመድማል። እኛ ያላልነውን እናስብለዋለን ማለት ነው።

መምህርቷ፦ ልክ ነህ። ይህን ልቀበልህ። ስለ ፍትሐ ብሔር ሕጉ የራሱ ገጽ ይጻፍ፣ ከዚያ ወደ እሱ የሚያሻግር ማያያዣ ይደረግ። የፈለገ ሄዶ ያንብብ።

ወጣቱ፦ እትዬ ደንብ ሲያከብሩ ዛሬ አየሁ።

መምህርቷ፦ ደንቡ ልክ ሲሆን ለምን አላከብርም? እኛም እኮ የቆየ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ አለን። ገላውዴዎስ የሚባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ጻፈ። ወለተ ጴጥሮስ ያረፉት ከዚያ 30 ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ በዓይኑ ያየውን አልጻፈም፤ አብረዋቸው ከኖሩት ጠይቆ ነው የጻፈው። ወለተ ጴጥሮስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ለውጡን አልቀበልም ብለው ወደዚህ ወደ ሱዳን ጠረፍ ቆላ፣ ወደ ዠበይ፣ ተግዘው ነበር። ይህ አገራችን የሴት መጋዣ የነበረበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ታሪካቸው የተረፈው ማኅበራቸው ስላልረሳና አንድ ሰው ጠይቆ ስለጻፈ ነው። ግን ገድል ገድል ነው። ገድል ሊያስመሰግን ይጻፋል፤ ኢንሳይክሎፔዲያ ሊያስመሰግን አይጻፍም።

ወጣቱ፦ የልጆቹ የመጨረሻ አንቀጽ ገድል ሆኗል ማለትዎ ነው?

መምህርቷ፦ «እንደ ኮከብ ያበራች፣ ዘላለም የማትረሳ ጀግና» ይላል። ይውጣ። ወይዘሮ ስንዱ በጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፣ በጣሊያን ተማርከው አዚናራ ደሴት ታስረዋል። ከእስር ተመልሰው የሴት ልጆች ትምህርት ቤት መርተዋል። ይህን በቀኑ፣ በቦታው፣ በምንጩ አስቀምጡት። ኮከብ መባል አያስፈልጋቸውም። ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. አረፉ ብላችሁ ዝጉት።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ፍርዱ ምንድነው? ልጆቹ ነገ ይጠይቁኛል። ይጫን ወይስ ይቆይ?

መምህርቷ፦ ይቆይ። ለልጆቹ እንዲህ በላቸው፦ አቀራረቡ ጥሩ ነው፣ አማርኛችሁ ንጹሕ ነው፣ ግን ጽሑፉ ገና የደራሲ ታሪክ አልሆነም። የምርጫው ዓመት ይታረም። የምክር ቤቱ ስም ይታረም። አንቱታው ለሁሉም እኩል ይሁን። የአባትየው አንቀጽ ያስተማሩበትን ብቻ አስቀርቶ ይጠር። የልቤ መጽሐፍ አንድ መስመር ሳይሆን አንድ ክፍል ይሰጠው፤ መጽሐፉ እስኪገኝ ድረስ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቅ። ባዶ መሆኑ ከተሞላ ውሸት ይሻላል።

ወጣቱ፦ መጽሐፉ ባይገኝስ?

መምህርቷ፦ ታትሟል፤ ይገኛል። እንግዲህ የኛ ሰው ባለበት ሁሉ እንጠይቅ። ጎንደር ያለ፣ አዲስ አበባ ያለ፣ ውጭ አገር ያለ። ቤቱ ውስጥ የልቤ መጽሐፍ ያለው ሰው፣ እናቱ ወይም አያቱ እቴጌ መነን ተምራ የትምህርት ቤቱን ቲያትር የሠራች ሰው፣ የ1950 አዲስ ዘመን ቁራጭ ያስቀመጠ ሰው ካለ ገጹን ፎቶ ያንሳና ቀኑንና የገጹን ቁጥር ጽፎ ይላክልን። ልጆቹ ስሙን ሳይሆን ገጹን ነው የሚጠቅሱት።